የሜክሲኮው ነብር ሐይቅ ከተማ የወደቀ ዕለት

ሐኪም አይደለሁም። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት መድኃኒት ቤት ቆሜ መድኃኒት የምሸጥ ሴት ነኝ። ሥራዬ ሐኪሞች የጻፉትን ማንበብ ነው፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ያየ ሰው ደግሞ ይህን ቀላል ሥራ ነው አይልም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ከእኛ ወረድ ብሎ ያለው መጠጥ ቤት ባለቤት ገብቶ "ዶክተር፣ እንዴት አደርሽ?" ሲለኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

"አንቺን ነው እኮ" አለኝ።

የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድም ቀን በማዕረግ ጠርቶኝ አያውቅም። የሆነ ነገር እንደፈለገ ገባኝ።

"ምንህን አሞህ ነው?"

"እኔስ ደህና ነኝ። እሑድ ሬስሊንግ ላሳይ ነው። ሰዎቹ ከደሴ ይመጣሉ። አንዱ አንዱን እያነሳ ያፈርጠዋል።"

"የሚደባደብ ሰው እዚህ ጠፍቶ ነው ከደሴ የምታስመጣው?"

"የእኛዎቹማ ልብስ ለብሰው ነው የሚደባደቡት። ማን ይገረማል?"

ችግሩን አስረዳኝ። ከፊት ለፊቱ የተከፈተው ግሮሰሪ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ሰቅሎ ኳስ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ እሱ ቤት የቀሩት ሁለት ጡረተኞችና አንዲት ድመት ናቸው። ድመቷም ብትሆን ዋንጫ ያለ ዕለት ትሻገራለች። ስለዚህ ቴሌቪዥን የማይችለውን ነገር ማምጣት አለበት፤ ሰው ሲወድቅ መሬቱ እግር ሥር የሚንቀጠቀጥበትን ነገር።

"ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?"

ከኪሱ የታጠፈ ማስታወቂያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ሥዕል አለበት። ከሥሩ በቀይ "ሐኪም በቦታው ይገኛል" ይላል።

"አሳትመህ ስታበቃ ነው የምትጠይቀኝ?"

"ነጭ ጋዋን አለሽ አይደል?"

"አለኝ።"

"በቃ፣ ሐኪም ነሽ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የእሑድ ከሰዓት አማራጩ ሁለት ነው፤ ወይ ሐይቁን ማየት፣ ወይ ሐይቁን ሊያዩ የመጡ ሰዎችን ማየት። ሁለቱንም ጠግቤያቸዋለሁ። እሺ አልኩት።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሞንታርቦ የጫነች ባጃጅ እየዞረች ታደነቁረን ጀመር። "የሜክሲኮው ነብር! ፊቱን ያየ ሰው በሕይወት የለም! ከጦሳው አንበሳ ጋር ይገጥማል! ሐኪም በቦታው ይገኛል!" የመጨረሻዋን በሰማሁ ቁጥር ባንኮኒው ሥር ዝቅ እላለሁ።

ባጃጇ ያስደሰተችው ጎረቤቴን እትዬን ነበር። እትዬ ግድግዳ የምንጋራ፣ ሳምቡሳ ጠብሰው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ እሱም ጅዳ ነው። ልጁን በደንብ አውቀዋለሁ። ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ ኬሚስትሪንም ያለፈው ከእኔ ወረቀት እየገለበጠ ነው። በየጁምዓው በኢንተርኔት ይደውልላቸዋል። እትዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ስለሚያወሩ የጅዳን ሙቀት እኔም ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እከታተለው ነበር።

"እማዬ፣ ሙቀቱ አይቻልም። ሰው ይቀልጣል" ይላል።

"አብሽር ልጄ፣ አላህ ያቀዝቅዝልህ" ይላሉ እሳቸው።

የሬስሊንጉን ወሬ እንደሰሙ "እኔም ሳምቡሳዬን ይዤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ" አሉኝ።

"መጠጥ ቤት በር ላይ፣ እትዬ?"

"በሩ ላይ ነዋ፣ ውስጥ አልገባ። አላህ ደጁንና ቤቱን ለይቶ ያውቃል።"

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋዋኔን ለብሼ ስደርስ ግቢው ጢም ብሏል። አራት የባሕር ዛፍ አጣና ተክለው የጭነት መኪና ገመድ ሦስት ዙር አዙረውበታል። ወለሉ ከመጠጥ ቤቱ አልጋዎች የተነሳ ፍራሽ ነው፤ ከላይ ሸራ ተወጥሮበታል። አልጋ ይዘው የነበሩ ሁለት ነጋዴዎች "እኛ ምን ላይ ልንተኛ ነው?" እያሉ ባለቤቱን እግር በእግር ይከተሉታል።

"ሲያልቅ ትተኙበታላችሁ" አላቸው። "ይሟሟቅላችሁ ብዬ ነው።"

ሰውየው ሞኝ አይደለም። ግቢውን በሲባጎ ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለቢራ፣ ቀኙን ለለስላሳ አድርጎታል። በቀኝ ነጭ ቆብ ያደረጉ አባቶች ለስላሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በግራ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ያላወለቁ ሰዎች ቢራቸውን ይዘዋል። ሲባጎውን ተሻግሮ የሄደ ጠርሙስ አላየሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

እኔን ከሪንጉ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ፓራሲታሞል፣ ፋሻ፣ አዮዲንና የሕመም ማስታገሻ ቅባት ይዣለሁ። ስቸኩል ደግሞ አንድ ካርቶን ለተቅማጥ የሚበጠበጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አብሮ ገብቷል። ገና ከመቀመጤ ከቀኝ በኩል አንድ ሽማግሌ መጥተው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። "ነብሩ እስኪመጣ ይቺን እይልኝ" አሉኝ። አየሁላቸው። ጉልበት ነበር። አላህ ይስጥሽ ብለው መርቀውኝ እዚያው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሱም።

መጀመሪያ የገቡት "ጉማሬ" እና "ኤሌክትሪክ" የሚባሉ የደሴ ልጆች ናቸው። ጉማሬ የተባለው ከመቅጠኑ የተነሳ ገመዱ ላይ ሲደገፍ የትኛው ገመድ የትኛው እሱ እንደሆነ ለመለየት ልብ ብሎ ማየት ይጠይቃል። ኤሌክትሪክ ደግሞ እንደ ስሙ ነበር፤ ትንሽ ሠርቶ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ዘሎ ትንፋሽ አጥሮት ጥግ ላይ ቁጭ አለ።

"ውሸት ነው ይኼ!" አሉ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ። "አልነካውም እኮ!"

"አያ፣ ቲያትር ነው" አልኳቸው። "አይመታቱም።"

በዚህ መሃል ጉማሬ ኤሌክትሪክን በእውነት ጆሮ ግንዱ ላይ አጮለው።

"ቲያትር ከሆነ ምን ብሎ ይመታዋል?" አሉ ተቆጥተው። እሳቸውን እስከ መጨረሻው ማስደሰት አልተቻለም፤ ልጆቹ ሳይነካኩ ሲቀሩ ውሸታም፣ ሲነካኩ ጨካኝ ይላሉ።

ቀጥሎ የሜክሲኮው ነብር ገባ። ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ጭምብል፣ ከመጋረጃ የተሰፋ ካባ፣ የኳስ ቁምጣ፣ ባዶ እግር። ከጎኑ አስተርጓሚ አለው። ነብሩ ማይኩን ተቀብሎ በጎርናና ድምፅ "ባራባራ ኩንታ ሮሞ!" የሚመስል ነገር አለ።

"ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት ይላል!" አለ አስተርጓሚው።

ሰው ጮኸ።

"ሮሞ ባራ!"

"ዓሣችሁ አይጥምም ይላል!"

ግራና ቀኝ እኩል ተነሱ።

"ባ!"

"ሐይቃችሁ ኩሬ ነው፣ እኛ አገር ከብት አይጠጣውም ይላል!"

በአንዲት "ባ" ይህን ሁሉ እንዴት አለው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የቆርኪ ዝናብ ወረደበት። የጦሳው አንበሳ ሲገባማ አገር ነጻ ሊያወጣ የመጣ ነው የመሰለው። አንበሳው ሰፊ ደረት ያለው፣ ጺሙን ያሳደገ፣ በአረማመዱም ቢሆን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ተያያዙ። ነብሩ ዓይን ውስጥ አመድ በትኖ ሲያታልል፣ ዳኛው ዞር ሲልለት ከኋላ ሲረግጥ፣ ሰው በንዴት ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው "ዳኛ! ዳኛ ሆይ!" እያሉ ትከሻዬን ሊነቅሉት ደረሱ።

አንበሳው በመጨረሻ ነብሩን ወገቡን ይዞ ከራሱ በላይ አነሳው። ፍራሹ መሃል ላይ ሊጥለው ነበር ዕቅዳቸው። ፍራሾቹ ግን ከጉማሬ ጊዜ ጀምሮ ሲንሸራተቱ ቆይተው መሃል ላይ ተለያይተዋል። ሸራው ስለሸፈነው ማንም አላየም። ነብሩ ቀጥ ብሎ የወረደው ሲሚንቶው ላይ ነው።

"ዋይ ወገቤን! እማዬ ድረሽልኝ! ያ ረቢ! ያ ረቢ!"

ያ ጩኸት የየት አገር እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ ሰው ሲወድቅ እንኳ በዜማ ነው የሚጮኸው።

"ሜክሲኮ የሚሉት የአዲስ አበባውን አደባባይ ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከግራ።

"ኧረ ይኼስ የአምባሰል ነብር ነው!" አለ ሌላው ከቀኝ።

አስተርጓሚው ማይኩን ለቀም አድርጎ "በሜክሲኮኛ 'ያ ረቢ' ማለት 'እጅ አልሰጥም' ማለት ነው!" አለ። ሰው በሳቅ ተንከተከተ። ነብሩ ግን አልተነሳም። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ።

"ሐኪም! ሐኪሟ የታለች?" ብሎ ዳኛው ሲጮህ እኔም እንደ ሌላው ሰው ሐኪሟን ፈለግሁ። ከዚያ ሁሉም እኔን እያየ መሆኑን አየሁ። ቦርሳዬን ይዤ በገመዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ። ሰውየው ቢሞትብኝ የማደርገው የተቅማጥ ንጥረ ነገር በጥብጦ መስጠት ብቻ ነው።

ጎንበስ ብዬ "የት ላይ ነው ያመመህ?" አልኩት።

በጭምብሉ ቀዳዳ ሁለት ዓይኖች ፈጠጡብኝ።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። "አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?"

ድምፁን ለየሁት። በየጁምዓው ከግድግዳው ማዶ የምሰማው ድምፅ ነው።

"አንተስ መቼ ከጅዳ መጣህ?"

"ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደሴ ነው ያለሁት። በእናትሽ ጭምብሉን እንዳታወልቂብኝ። እማዬ መጠጥ ቤት ደጅ አትደርስም ብዬ ነው እሺ ብዬ የመጣሁ።"

"በሩ ላይ ሳምቡሳ እየሸጡ ነው።"

"ኢና ሊላህ" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቀና ስል እትዬን አየኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን መጠጥ ቤት ረግጠው የማያውቁት ሴት፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ጭልፋ በእጃቸው እንደያዙ፣ ከበሩ ጀምሮ ሰዉን ለሁለት እየሰነጠቁ ይመጣሉ። ሲባጎውን በጠሱት። ገመዱ ሥር ጎንበስ ብለው ሪንጉ ውስጥ ገቡ። የጦሳው አንበሳ በትሕትና መንገዳቸው ላይ ቆመ።

"እናቴ፣ እዚህ መግባት አይቻልም። ሥራ ላይ ነን።"

"ሥራ? ሰው ሰብሮ መጣል ነው ሥራህ?" አሉና በጭልፋው ቅልጥሙ ላይ አሳረፉበት።

ጭልፋው ትኩስ ስለነበር ይሁን ሙያው ሆኖበት እስካሁን አላወቅሁም፤ አንበሳው እግሩን ይዞ ሁለት ጊዜ ዞረና በጀርባው ተዘረረ። ዳኛውም የለመደበት ነገር ነውና በደረቱ ተኝቶ መሬቱን እየመታ "አንድ! ሁለት! ሦስት!" ብሎ ቆጠረ። ተነስቶም የእትዬን እጅ ከነጭልፋው ወደ ላይ አነሳ። ግቢው ፈነዳ። የተከበሩ ሰዎች ሲተቃቀፉ አየሁ። ሽማግሌው አመመኝ ባሉት ጉልበት ይዘልሉ ነበር።

እትዬ ይህን ሁሉ አላዩም። እጃቸውን ከዳኛው ነጥቀው አጠገባችን ተንበረከኩ። ጭምብሉን አላዩም፤ እግሩን ነው ያዩት። የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የተጣመመች ናት፣ ከተወለደ ጀምሮ። ጣቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ነብሩ ጣራ የሌለውን ሰማይ ያያል። እጃቸው ወደ ጭምብሉ ሄደ። አሁን ያወልቁታል ብዬ ጠበቅሁ።

አላወለቁትም። ከአገጩ ሥር ገለጥ ያለውን ጠርዝ ወደ ታች ሳብ አድርገው አስተካከሉለት። ከዚያ ተነስተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ስሙኝማ! ይኼ ሰው እንግዳ ነው። ከሩቅ አገር ነው የመጣ። እናቱ እዚህ የለችለትም። እኔ ቤቴ ወስጄ አስታምመዋለሁ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከመካከላችን የእትዬን ልጅ የማያውቅ፣ ያንንም ድምፅ ያልለየ ብዙ አልነበረም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልክ ነው" አሉ። "ሜክሲኮ ሩቅ ነው።"

"አላህ ያሽረው" ተባለ ከቀኝ። "እግዜር ይማረው" ተባለ ከግራ። አንበሳና ጉማሬ አንስተው ባጃጅ ውስጥ አስገቡልን፤ ከሳምቡሳው ምጣድ ጋር ተጣብበን ሄድን።

ቤት ገብተን በሩ እንደተዘጋ እትዬ ጭምብሉን መንጭቀው አወለቁት። መጀመሪያ ጉንጩን ሳሙት። ቀጥለው ያንኑ ጉንጭ በጥፊ አሉት።

"ሙቀቱ አይቻልም? ደሴ ሆነህ ሙቀቱ አይቻልም?"

"እማዬ..."

"ስታስልስ? 'ኤሲ ነው እማዬ፣ ኤሲ መታኝ' ስትለኝ የነበረው?"

"ብርድ ነበር" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"የጦሳ ተራራን ብርድ ነው አላህ ያቀዝቅዝልህ ብዬ ስመርቀው የከረምሁ!"

እኔ ጀርባውን ቅባት እያሸሁ ስለነበር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መሳቅ ነውር ነበር። እትዬ ግን ራሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

ቀስ እያለ ነገረን። ጅዳ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ሲሠራ ፖሊስ ደርሶበት ብዙ ወር ታስሮ፣ በለበሰው ልብስና በነጠላ ጫማ ነው አውሮፕላን ላይ የጫኑት። ደሴ ደርሶ ወደ ሐይቅ የሚመጣው ሚኒባስ ጋ ሦስት ቀን እየሄደ ተመልሷል። ረዳቱ "ሐይቅ! ሐይቅ!" ሲል እግሩ አልታዘዝ አለው። እኩዮቹ ፎቅ የሠሩበት ሰፈር ባዶ እጁን እንዴት ይግባ? እንጨት ቤት ሥራ አገኘ። እዚያ ያገኛቸው ልጆች ናቸው ሬስሊንጉ ውስጥ ያስገቡት። ጭምብል ያለበት ሥራ ሲያገኝ ደስ አለው።

"ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ፣ እማዬ?"

"እኔ ሻንጣ ነው እንዴ የወለድኩት?" አሉት።

ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን አላናገሩትም። ያናግሩት የነበረው በእኔ በኩል ነው፤ እሱ እዚያው ፍራሹ ላይ ተኝቶ እየሰማ "እስቲ ያንን ሰው ይበላ እንደሆነ ጠይቂልኝ" ይሉኛል። ደሴ ወስደን ራጅ ተነሳ። ስብራት የለውም፣ ክፉኛ ተቀጥቅጧል እንጂ።

የሰፈሩ ሰው ስኳርና ሙዝ እየያዘ "እንግዳውን" ሊጠይቅ ይመጣ ጀመር። ገብተው ጭምብል የሌለው ሰው ተኝቶ ሲያዩ ደንገጥ እንኳ አይሉም። "ኧረ! አንተም መጣህ እንዴ? መቼ ገባህ ከጅዳ?" ይሉታል። "ዛሬ" ይላል። "አልሐምዱሊላህ! እንኳን ደህና ገባህ!" ብለው ሦስት አራቴ ይስሙታል። ስለ ሜክሲኮ ሰውዬ አንድም ሰው አልጠየቀም። በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ ከጅዳ እንደገባ ቁጥሩ ጠፋኝ።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም መጣ። እሱ የመጣው ለሌላ ነገር ነው። እትዬ በወር አንድ ጊዜ አንበሳውን እንዲጥሉለት ሊለምን ነው። ድመቷ ሳትቀር ተመልሳለች አለ። እትዬ ጭልፋውን ከተሰቀለበት አወረዱት። ወጣ። በመንገዱ እኔን "ዶክተር፣ አንቺስ?" አለኝ። እኔም ጋዋኔን አጥቤ እንዳሰጣሁትና እንደማይደርቅ ነገርኩት።

ልጁ ዳነ። ደሴ ወደ እንጨት ሥራው ተመለሰ፤ ሬስሊንጉንም አልተወውም። አሁን ያለ ጭምብል ነው የሚገባው። እናቱን ይቅርታ ሲጠይቅ ይህን አስፈቀደ፤ እትዬም "ሰው እንዳትሰብር፣ አንተም እንዳትሰበር" ብለው ፈቀዱ። በየሁለት ሳምንቱ በራሱ እግር ይመጣል።

ባለፈው ጊዜ ውጫሌ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያሳዩ ነበርና እትዬ ካልሄድን ብለው ያዙኝ። አዲስ ሻርፕ አድርገው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው የገጠመው ጉማሬን ነበር። አስቀድመው በተስማሙበት መሠረት ጉማሬ ማሸነፍ ስላለበት አሸነፈ። ግማሽ ኪሎ የማይመዝን ልጅ ያን የሚያክል ሰው በአንድ እጁ ጣለው። እኔ በሳቅ ሞትኩ። እትዬ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

በሚኒባሱ ስንመለስ ለመላው ተሳፋሪ ጉዳዩን አቀረቡ። "ዳኛው ሌባ ነው! ልጄ አልወደቀም! ተንሸራቶ ነው!"

"እትዬ፣ ቲያትር እኮ ነው" አልኳቸው በጆሯቸው።

"ለእኔ ነው ቲያትር የምትነግሪኝ? አንበሳ የጣልኩ ሴት ነኝ!"

ሹፌሩ በመስታወቱ እያያቸው "እናቴ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ። ትከሻው መሬት ነክቷል" አለ።

"አንተ መንገድህን እይ!" አሉት።

ሐይቅ እስክንደርስ ድረስ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።